ያላለቀው ማራገቢያ

በደሴቲቱ የወደብ ከተማ በሱቫ ላይ ዝናብ አንዴ ከገባ መሄጃውን እንደረሳ እንግዳ ነው። በዚያን ዕለት ጠዋትም ባሕሩ፣ ሰማዩና ከወደቡ ማዶ ያሉት ተራሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ለብሰው ነበር። አዛውንቱ ሜርቪን ፓስኮ ከመርከባቸው ወርደው በመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ቆመዋል። ብብታቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአውስትራሊያ ባቡር ጣቢያ ፊሽካ ነፍተው፣ ምልክት ሰጥተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰዓት የማያከብር ሰውና ያለ ጠባቂ የሚዞር መንገደኛ ለእሳቸው አንድ ነበሩ።

የመርከቡ አስጎብኚ አጨብጭቦ መንገደኞቹን ሰበሰበ።

«የመንደር ጉብኝቱ ተሰርዟል! ናሎማ ውስጥ ሰው ስለሞተ እንግዳ አይቀበሉም። በምትኩ ሆቴል ወስደን ጭፈራ እናሳያችኋለን።»

መንገደኛው ትንሽ አጉረመረመና ከዝናቡ ለመሸሽ እየተጋፋ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። ሜርቪን ግን አልተነቃነቁም። ጣሪያው ሥር አንዲት ወጣት ከእሳቸው ጋር ቀረች። ኡናይሲ ትባላለች፤ እዚያው ከተማ መምህርነት የምትማር ልጅ ናት፤ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ዝናብ ያስጠለላት።

«አባባ፣ አውቶቡስዎ ሄደ እኮ!»

«አይቻለሁ፣ ልጄ። ጭፈራ ለማየት አልመጣሁም።»

«ታዲያ ምን ሊያዩ መጡ? ዝናብ ከሆነ ይኸው፣ በነፃ።»

አዛውንቱ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ፊታቸው ግን ልማዱን ትቶት ነበር። ከእንግዳ ሰው ጋር ማውራት ባይወዱም ላስቲኩን ፈቱት። ከደረቀ ቅጠል የተጎነጎነ ማራገቢያ ነው። እኩሌታው ላይ ቆሟል፤ የቀሩት ቅጠሎች ተንጠልጥለዋል።

«ከዓመታት በፊት ከባለቤቴ ከአቪስ ጋር በዚሁ የመርከብ አውቶቡስ ናሎማ ሄደን ነበር» አሉ። «ሜሬዋሌሲ የምትባል ሴት አጠገቧ አስቀምጣ ጉንጉን አስተማረቻት። ሳይጨርሱት ፊሽካ ተነፋ። አቪስ ‹እስክጨርስ› ስትል ክንዷን ይዤ ያስነሳኋት እኔ ነኝ። በዚህ በልግ ሞተች። ስትሞት፣ ‹ለዚያች ሴት መልስላት፤ አልቻልኩበትም በልልኝ› አለችኝ። ቃል ገብቻለሁ። ይኸው መንደሩ ተዘጋ።»

ኡናይሲ ማራገቢያውን በሁለት እጇ ተቀብላ አየችው።

«አባባ፣ የሞተው ሰው እንጂ መንገዱ አይደለም። የአገሬው አውቶቡስ በናሎማ በር ነው የሚያልፈው። እኔም በዚያው ነኝ።»

«በሕዝብ አውቶቡስ? እኔ?»

«ምነው፣ እኛ ሕዝቦቹ እንናከሳለን?»

«አትቀልጂ። የመርከቡ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል። እኔ ብቻዬን ብዘገይ ግን መልህቁን ነቅሎ ይሄዳል። ሲሮጡ የቀሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ እኛ ከላይ ሆነን ስናጨበጭብባቸው።»

እዚህ ላይ አዛውንቱ እውነት ነበራቸው፤ ልጅቷም አልካደችም። የተማረ ሰው ማለት የሌላውን ፍርሃት ከመናቁ በፊት የሚመዝን ነው።

«ልክ ነው፣ አይጠብቅዎትም» አለች። «ስለዚህ ቀድመው ይመለሳሉ። የመጨረሻዋን ሰዓት ለመንገድ አይስጧት። የእጅ ሰዓትዎን በመርከቡ ሰዓት እንደተሞላ ይተዉት፤ የእኛንና የእሱን ሰዓት አደባልቀው ነው ብዙዎቹ የሚቀሩት። እዚህ የመርከቡን ጉዳይ የሚከታተለው የወደብ ወኪል ስልክ በኪስዎ ይሁን። ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢቀሩ፣ በአውሮፕላን የሚቀጥለው ወደብ ላይ ይደርሱበታል። ያስወጣል፣ ያናድዳል፤ ግን አይገድልም።»

«ቋንቋውንስ?»

«በምን እያወራን ነው ታዲያ?»

«ሐዘን ቤት ሳልጠራ ሰተት ብዬ ልገባ ነው?»

«የተዘጋው ለጭፈራ ነው። አገሬው እያለቀሰ ለጎብኚ ሊዘፍን ነው እንዴ? ለሚያለቅስ ሰው ግን በር አይዘጋም። አስጎብኚው ይህን አይነግርዎትም፤ ለቅሶ አይሸጥማ!»

ሜርቪን ማራገቢያውን ከእጇ ተቀበሉ። ከዚያ ሲፈሩት የቆዩት ጥያቄ ከአፋቸው ወጣ።

«የሞተው ማነው?»

«አንዲት አሮጊት ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ። ስማቸውን አልሰማሁም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አዛውንቱ ማራገቢያውን መልሰው ጠቀለሉት።

«ያን ጊዜ አስጎብኚውን እንዳላስጠብቅ ብዬ ነበር እሷን ያስነሳኋት» አሉ ቀስ ብለው። «እሺ። ምሪኝ።»

ገበያው ከወደቡ አፍንጫ ሥር ነው። ኡናይሲ እንደ ማገዶ የታሰረ የያንጎና ሥር አስገዛቻቸው፤ እዚያ አገር እየተወቀጠ በውሃ የሚጠጣው፣ ሳይዙት ሰው ቤት የማይገባበት ሥር ነው። ቀጥላ ወገብ ላይ የሚታሰር ጥቁር ጨርቅ አነሳች።

«ቀሚስ አልለብስም!» አሉ ሜርቪን።

«ሱሉ ነው፣ አባባ። በዚያ በአጭር ሱሪዎ ጉልበትዎን ለሬሳ ሊያሳዩ ነው?»

ነጋዴዋ ሳቀች። «ይልበሱት፣ ሽማግሌው! እግርዎ ከያንጎናው ሥር በምን ይለያል?»

አውቶቡሱ መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ለዝናቡ ሸራ ተጥሎበታል። ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ተቀምጠው ሳይደላደሉ ከጎናቸው ያለችው ወፍራም ሴት፣ «ከየት ነዎት? ሚስትዎስ የታለች?» ስትል ጠየቀቻቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ አገራቸው ውስጥ ነውር ነው። መርከቡ ላይ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ በእራት ሰዓት ባዶውን ወንበር ሁሉም እያየ ያልፈዋል።

«ሞተችብኝ» አሉ።

«ኢሳ!» አለች ሴትዮዋ፤ ከኋላም ከፊትም «ኢሳ» የሚል ሐዘን ተሰማ። የተቀቀለ ካሳቫዋን ገምሳ ሰጠቻቸው። ሜርቪን የማያውቁት ሰው እጅ የነካውን ምግብ በልተው አያውቁም ነበር። በሉት። ሞቅ ያለ ነበር።

ናሎማ ሲደርሱ ኡናይሲ ባርኔጣቸውን አስወለቀቻቸው። ጫማቸውን የሐዘኑ ቤት ደጃፍ ላይ ትተው ገቡ፤ በማይታጠፍ ጉልበታቸው እንደምንም መሬት ተቀመጡ። ኡናይሲ ሥሩን ከፊታቸው አስቀምጣ በእሳቸው ስም ተናገረች። አንድ ሽማግሌ ሥሩን ተቀብለው እንደ አገሩ የመቀበያ ወግ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው አጨበጨቡ።

ቤቱ ውስጥ ሰሌን በሰሌን ላይ ተነጥፏል። ከሰሌኑ በላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ አስከሬን አለ። ጥግ ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል።

ኡናይሲ ጠጋ ብላ፣ «አባባ» አለች። «ሜሬዋሌሲ ናቸው።»

ሜርቪን በላስቲክ የተጠቀለለውን ከፊታቸው አስቀመጡ። የሟቿ ልጅ ሳላኒዬታ መጥታ ፈታችላቸው። ማራገቢያውን ስታይ ደርቃ ቀረች።

«የእናቴ አጀማመር ነው» አለች። «የትም ባየው አውቀዋለሁ። ይኼኛው ጠማማው ግን የማን እጅ ነው?»

«የባለቤቴ። ‹አልቻልኩበትም በልልኝ› ብላኛለች።»

«በእውነትም አልቻለችበትም» አለችና ሳላኒዬታ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ያቺ ፈረንጅ! እናቴ መርከብ በመጣ ቁጥር ቅጠል ቀድዳ፣ አዘጋጅታ ትቀመጥ ነበር። ‹ዛሬ ትመጣለች፤ ጫፉን አላሳየኋትም› ትል ነበር። አውቶቡሱ ሲመለስ ቅጠሉን ትሰበስበዋለች። ‹ምን ታድርግ፣ የአውቶቡስ ሰው ናት› ትላለች።»

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። ለአንድ ፊሽካ ብለው የጣሉት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ታያቸው።

«ጨርሺው» አሉ። «እባክሽ፣ አንቺ ጨርሺው።»

ሳላኒዬታ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«የእኔ አይደለም። የሁለቱ ነው።»

ማራገቢያውን እንዳለ፣ ከተንጠለጠሉት ቅጠሎች ጋር፣ ከእናቷ እጅ አጠገብ አኖረችው። ሜርቪን ከሽማግሌዎቹ ጋር ያንጎና ቀመሱ፤ አፋቸው ደነዘዘ። ማንም ፊሽካ አልነፋባቸውም። ተነሡ ያላቸውም ዝናቡም አስጎብኚውም አልነበረም፤ ቀድሞ መነሣት እንዳለባቸው ራሳቸው ያውቁ ነበርና በጊዜ ተነሡ። ኡናይሲ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው።

«ብቻዎን ይመለሳሉ?»

«ምነው፣ ትናከሳላችሁ?» አሉና እጇን ይዘው ቆዩ። «ልጄ፣ አንቺን በመጀመሪያው ጊዜ ባገኝሽ ኖሮ!»

«ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ አባባ።»

«አንቺ ባትሆኚም ሌላ ሰው ነበር። እኛ ነን ያልጠየቅነው።»

መርከቡ ላይ የደረሱት የጭፈራው አውቶቡስ ከመመለሱ በፊት ነው። ማታ በእራት ገበታ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኖርማ፣ ልብሳቸው ከነጭቃው መሆኑን አይተው ተቆጡ።

«አበዱ እንዴ፣ አቶ ፓስኮ? ብቻዎን! ቢዘርፉዎትስ?»

«ካሳቫ ሰጡኝ» አሉ ሜርቪን። «ስሚኝ፣ ኖርማ። የመርከቡ ጉብኝት ክፉ ነው አልልም። መራመድ ለማይችል፣ ወይም መንገዱ ሩቅ ለሆነበት እሱ ይሻላል። ወደቡ ከከተማው ጋር የተያያዘ ሲሆን ግን በሕዝብ አውቶቡስ ሂጂ። ለመርከቡ ከምትከፍዪው ትንሿን ትከፍያለሽ፤ እሷም ለአገሬው ትደርሳለች። ደስ ያለሽ ቦታ ትቆዪያለሽ፤ ካልወደድሽው ትነሺያለሽ። ሰዎቹ በሥራቸውና በሐዘናቸው ላይ እንጂ ለአንቺ ተሰልፈው አታገኚያቸውም። ማን እንደሞተብሽ ይጠይቁሻል። አንቺም ማን እንደሞተባቸው ታውቂያለሽ። የሚያስፈልገው አስቀድሞ መጠየቅ፣ የአገሩን ወግ ማክበርና ሰዓት መጠበቅ ነው። ሰዓት መጠበቅ ደግሞ እኔ መቼ አቅቶኝ ያውቃል?»

«መርከቡ ትቶዎት ቢሄድስ?»

አዛውንቱ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር አዩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የሱቫ መብራት በዝናብ ውስጥ እየራቀ ነበር።

«መርከቡ አንድም ቀን ትቶኝ ሄዶ አያውቅም» አሉ። «እኔ ግን በየወደቡ ስንቱን ትቼ እንደሄድኩ ዛሬ ገባኝ።»

ወይዘሮ ኖርማ ለነገ ገዝተው ከሳህናቸው ጎን ያኖሩትን የጉብኝት ቲኬት ገልበጥ አደረጉት። ተነሥተው ባዶውን ወንበር ወደ ሜርቪን ሳብ አደረጉና ተቀመጡበት።

«ስለ ባለቤትዎ ይንገሩኝ» አሉ።