የ2015 በርሜል

ክቡራትና ክቡራን፣ ወይዘሮ የኔነሽም እንደ ሥራ አስኪያጅነትዎ፣ በዚህ ሙቀት አዳራሽ ሞልታችሁ ስለምትሸኙኝ አመሰግናለሁ። ግማሾቻችሁ የመጣችሁት መሄዴን ለማረጋገጥ ነው። እሄዳለሁ፣ አትስጉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህን ፋብሪካ የማሽን ዘይት ጠብቄአለሁ። ዘይት አይበላሽም ትላላችሁ። ማን ነገራችሁ? ውጭ የቆመ በርሜል ቀን ይግላል፤ ማታ ሲበርድ ክዳኑ ላይ የተኛውን የዝናብ ውሃ በመክፈቻው ወደ ውስጥ ይስባል። አጋድሙት፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። እናንተ ግን ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ኳስ ታወራላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ2015 ሚያዝያ ለወፍጮው ጊር ቦክስ ከአሮጌው መጋዘን የመጣ በርሜል አወጣሁ። ግቢ ውስጥ ቆሞ ዝናብ መትቶታል። መካኒካችን አዩብ ቀዳና ቆመ።

«አቦ ጋሽ ጉግሳ፣ ይሄ ዘይት ወተት መሰለ።»

«ማንበብ አትችልም? የተመረተው 2015 ይላል። የዘንድሮ ነው።»

«የዘንድሮ ከሆነ ለምን ነጣ?»

«አንተ ሙላ።»

ሞላ። በዘጠነኛው ቀን ጊር ቦክሱ ተበላ። ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ውሃ ያስገባው መካኒኩ ነው ተባለ። አዩብ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ከከተማ ውጭ፣ ዋሂል ወዳለው መጋዘን ተዛወረ።

ወር ሳይሞላ 2023 የሚል አዲስ በርሜል መጣ። ጎን ለጎን ሳያቸው ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈረንጅ ቀን ሳነብ ኖሬ፣ ያን ቀን ቁጥሩ ከግድግዳው ካሌንደር ጋር ስለገጠመልኝ አመንኩት። «የዘንድሮ» ያልኩት ዘይት ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ የሚቆየው አምስት ነው።

ለማን ተናገርኩ? ለማንም አልተናገርኩም። ኮሚቴው ውስጥ እኔም ነበርኩ።

አዩብ ዛሬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ለምሳ የተጠራ መስሎት። ያልኩትን ሁሉ ጽፌ ፈርሜአለሁ። ወይዘሮ የኔነሽ፣ ማኅተሙን ይዘው ይምጡ ያልኩዎት ለእኔ የምስክር ወረቀት አይደለም፤ ለዚህ ደብዳቤ ነው። ማስጠንቀቂያው ከእሱ ማህደር ወጥቶ እኔ ማህደር ውስጥ ይግባ። ካልተመታ ምሳ አይቀርብም፤ ከወጥ ቤት ጋር ተነጋግሬአለሁ።

ልመርቃችሁ። ጤናችሁ ይብዛ፣ ልጆቻችሁ ይደጉ፣ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ በሰላም ያሻግራችሁ። የራሳችሁን ጥፋት ሌላ ሰው ላይ ከመጫን ፈጣሪ ይጠብቃችሁ።

አሜን በሉ። አዩብ፣ አንተ አሜን ሳትል ቆይ፤ መጀመሪያ ማኅተሙ ይመታ።