ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጻፈው መስመር

ጋሽ አንጋጦ፣ ዛሬ በጡረታ ስንሸኝዎ እንኳ አንገትዎን ዝቅ አድርገው እኛን ይዩን።

ወደዚህ የአየር ጠባይ ጣቢያ የመጡ ዕለት እኔ ጽዳት ነበርኩ። ደረጃውን ስወለውል እርስዎ ሰማይ ሰማዩን እያዩ መጥተው ባልዲዬ ውስጥ ገቡ።

«ጋሼ፣ እግርዎ!»

«ቆይ እቱ፣ በረዶ አለ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«ላይ ነው። ያ ስሱ ደመና እኮ በረዶ ነው።»

ሰውየው ጤና የለውም ብዬ ለጥበቃው ነገርኩት።

ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ጣሪያ ወጥተው ደመናውን መዘገቡ። ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ጠጥተው አያውቁም። ያ ስስ ደመና እዚህ ከድሮው ይልቅ ቶሎ አልበተን ማለቱን ያወቅነው ከእርስዎ መዝገብ ነው።

አንድ ቃል ግን ያስቆጣዎታል። ልጄ እዚህ ተቀጥራ እርስዎ ሥር ስትማር፣ አንድ ቀን ወፍራም ደመና ከታች ጋርዶ ሳለ ስለ ላይኛው ስስ ደመና «የለም» ብላ ጻፈች። ጮኹባት።

«ወጥተሽ አየሽው? ‹አልታየም› በይ! ‹የለም› ካልሽ የዛሬ ሃያ ዓመት የሚያነበው ሰው ጠፋ ብሎ ያምንሻል።»

ቤት ስትገባ «እማዬ፣ ሰውየው ለደመና ጥብቅና ቆመዋል» ብላ እየሳቀች ነገረችኝ።

እሷን የቀበርን ዕለት፣ አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ሰዓትዎን አይተው ሄዱ። ለዘጠኝ ጥቂት ጉዳይ ነበር፣ የመዝገብ ሰዓት። አየሁዎት። ያስተማራትን ልጅ ትቶ ወደ ደመናው ሄደ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታዎን የመለስኩት ፊቴን አዙሬ ነው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ምክንያቱን የጠየቀኝ ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት መዝገቦችዎን በሳጥን ሳስገባ፣ አሁን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና፣ የዚያን ቀን ገጽ ገለጥኩ። የጠዋቱ አለ። የቀትሩ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አልታየም» ይላል። ምክንያት በሚለው ቦታ በእርስዎ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦

«ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ተመልካቹ ማየት አልቻለም።»

እዚያው ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ከነገ ጀምሮ በቦታዎ መሣሪያ ይቆማል። እንደ እርስዎ አይደክመውም አሉ፤ አያለቅስምም።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጋሽ አንጋጦ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ዓይንዎን ይጠብቅልን። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አይነሱ። ሻይዎን በትኩሱ ይጠጡ።

ለጤናዎ!