ባለቤቱ የሌለበት ጀልባ

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብዬ ወደ ጣና ዳር ስወርድ የቀድሞ ተማሪዬን እሌኒን አገኘኋት። ሹም አቦ ሰፈር የምትኖር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሰላምታችንን ሳንጨርስ፣ "መምህር፣ ያ የደሞዝ ጀልባ አይደለም?" አለችኝ።

እውነትም የዓሣ አጥማጁ የደሞዝ የእንጨት ጀልባ ነው። ነፋሱ በርትቶ መልሕቁን እየጎተተ፣ ሰው ሳይኖርበት ወደ ዓባይ መውጫ ይንሸራተታል። እዚያ ከገባ ወራጁ ውኃ ከድንጋይ ጋር ያላትመዋል። ደሞዝ ልጁ ታሞበት ሆስፒታል ነው፤ ስድስት ቤተሰብ የሚተዳደረው በዚያ ጀልባ ነው።

አጠገባችን አባባ ገብረ መስቀል ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ከዘጌ እንጨት ሲያመላልሱ የሸበቱ ሰው ናቸው።

"አባባ፣ እባክዎ ይድረሱለት!" አለች እሌኒ።

"ባለቤቱ በሌለበት የሰው ጀልባ አልነካም።"

"ሲጠፋ ዝም ብለው ሊያዩ?"

"አያለሁ እንጂ! አንቺ ልጅ፣ ምን ታውቂያለሽ? ከአራት ዓመት በፊት እንዲሁ ነፋስ የወሰደው ጀልባ ጎትቼ ባመጣሁ፣ መረቡን ሰረቅህ ተብዬ ሦስት ቀን ታሰርሁ። ሚስቴ ስንቅ እያመላለሰች በሰው ፊት አፈረች። ሁለተኛ አይለምደኝም!"

እውነቱን ልናገርና፣ ልበ ደንዳና መስለውኝ ተናድጄባቸው ነበር። ይህን ስሰማ ግን ፈረድሁላቸው። እሌኒ ግን አልተበገረችም።

"በደል ደርሶብዎታል። ቢሆንም የጎዳዎት መርዳትዎ አይደለም፤ ብቻዎን መርዳትዎ ነው። ማን አየልዎ? አሁን እኔ አብሬዎ እገባለሁ። ጀልባውን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ እናስረዋለን። በውስጡ ያለውን ዕቃ መምህር ይጽፉታል፤ ሦስታችንም እንፈርማለን።"

"ቢከሱኝስ?"

"አብረን እንታሰራለን።"

"ስንቁን ማን ያመጣልን ይሆን?"

"መምህር አሉልን እኮ!"

ሽማግሌው ድንገት ሳቁ። "በይ ግቢ! መሀሉ ላይ ተቀመጪ!"

አቤት የዚያን ቀን ያየሁት ቀዘፋ! ነፋሱን በአግድም ቆርጠው ከጀልባው ፊት ደረሱ፤ እንደ ጎረምሳ ዘለው ጀልባው ላይ ወጡ። "ገመዱን አሳጥሮት ኖሯል!" እያሉ የመልሕቁን ገመድ ለቀቅ ለቀቅ አደረጉለት። ገመዱ ሲረዝም መልሕቁ መሬት ያዘና ጀልባው ቆመ። እኔ ዳር ላይ ብቻዬን አጨበጨብሁ። ነፋሱ ሲበርድ ጎትተው አመጡት፤ ዕቃውን ጽፈን ፈረምን።

ደሞዝ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ፤ የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ።

"ቆይ! መጀመሪያ መረብህን እይ!"

"አባባ፣ እኔ እርስዎን..."

"እይ አልሁህ!" መረቡን ፊቱ ዘረጉለት። ደሞዝም አየ፤ "ሁሉም አለ፣ ምንም አልጎደለም" ብሎ ጉልበታቸው ላይ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ዳርቻ ጀልባውን ትቶ የሚሄድ ሰው ገመዱን ያስረዝማል፤ አደራውንም ለአንድ ሰው በስም ይሰጣል። የሚረዳም ከምስክር ጋር ይረዳል። በዚያ ክረምት አንድም ጀልባ አልጠፋብንም። መልካም ሥራ ምስክር ሲኖረው ደፋር ይበዛለታል።

አባባ ገብረ መስቀል ግን ያን ዕለት ወረቀቱን ይዘው ቤታቸው ድረስ ወሰዱኝ። "መምህር፣ ለሚስቴ ያንብቡላት" አሉ። አነበብሁ። መጨረሻው ላይ ደሞዝ በእጁ "ምንም አልጎደለም" ብሎ ፈርሞበታል።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "እስቲ ይድገሙልኝ" አሉኝ።