በሁለት ፎቶዎች መካከል

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በተሳፈርኩባት ባጃጅ አንዲት መምህርትና አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አጠገቤ ተቀምጠዋል። መምህርቷ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታ፣ ለነገው ስብሰባ የሠራችውን ስላይድ ታሳያቸዋለች።

«ፎቶዎቹ እኩል አልተራራቁም» አሏት።

«የትኞቹ፣ ጋሼ?»

«ሦስተኛውና አራተኛው። መሃላቸው በጣም ሰፍቷል።»

«አውቄ ነው የተውኩት። የኡጁሉ ቦታ ነው።»

«እሱም የተገለበጠው ጀልባ ላይ ነበር?»

«አዎ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሲሻገሩ አብሯቸው ነበር። የአምስቱ ልጆች አስከሬን ሲወጣ የሱ አልተገኘም።»

«ታዲያ ፎቶውን ለምን አላስገባሽም?»

«እናቱን ጠየቅኳት። ‹ከሞቱት ጋር አታድርጊብኝ፣ ልጄ ይመጣል› አለችኝ። አሁንም ወንዙ ዳር ነው የምትውለው።»

«ስብሰባው ላይ ያሉት ግን ስህተት ይመስላቸዋል።»

«እኩል ላድርገው?»

ሰውየው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ጠጋ አድርገው አዩት።

«ተይው። ደህና ጀልባ ይሰጠን ብዬ ስጠይቅ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለው?»

«እሱን ገና አላወቅኩም።»

የባሮን ድልድይ ስንሻገር ወደ ውኃው ማየት አልቻልኩም።