ማኅተም ያረፈበት ልብ ወለድ

ባለፈው ሚያዝያ፣ አንድ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ላባዛ መካኒሳ ወደሚገኘው የጸደንያ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። ጸደንያ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሌላ ሥራ እስክታገኝ ብላ የከፈተችው ቤት ነው፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው። አግዳሚው ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አንደኛው የእድራችን ዳኛ አቶ ሁንዴሳ፣ ሁለተኛው የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ አስረስ ናቸው።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አልኩ ደንግጬ።

«ኧረ በደህና ነው፣ መምህር» አሉ አቶ ሁንዴሳ። «ሽምግልና ልንሄድ ነው።»

«የማንን ልጅ ልትጠይቁ?»

«ልጅ አይደለም። የአስረስን ጽሑፍ እንዲቀበሉልን ነው፣ መጽሔት ቤት።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ አስረስ ግን አልሳቁም፤ በጉልበታቸው ላይ የያዙትን ፖስታ ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አጫጭር ልብ ወለዶች ላኩልኝ ብሎ አስታውቋል፤ ቀኑ የሚያልቀው ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ አስረስ በአሥር ዓመት ውስጥ ለተለያዩ መጽሔቶች ሦስት ጊዜ ልከው «ደርሶናል» ያላቸው እንኳ አልነበረም። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ይህኛው ካልተነበበ ሌላ እንደማይጽፉ ለባለቤታቸው ነግረዋል።

ጸደንያ ልታባዛላቸው ፖስታውን ተቀብላ ከፈተችው። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የእድሩ ወይን ጠጅ ማኅተም አርፏል፤ ከጎኑ ሙሉ ስማቸውና ፊርማቸው አለ። ከላይ ጉርድ ፎቶግራፍና «ለተከበራችሁ» ብሎ የሚጀምር የሁለት ገጽ ማመልከቻ ተያይዟል።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያውን አላነበቡትም?» አለች ፊቷ ተለዋውጦ። «ጽሑፉ ላይ የደራሲው ስም እንዳይኖር ይላል። ስምና አድራሻ በሌላ ገጽ ነው። በኢሜይል ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ በአካል አይቀበሉም።»

«አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። እሱ ዘመድ ለሌለው ሰው ነው። እኛ ደጃቸው ስንቆም አይመልሱንም።»

«ሳያነቡት ነው የሚጥሉት!»

«ታዲያ ስሜን ፍቄ ለማላውቀው ሰው ልስጥ?» አሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። በወጣትነቴ ቲያትር ጽፌ የቲያትር ቡድን አለኝ ላለ ሰው ሰጠሁት። በሁለት ዓመቱ አዳራሽ ገብቼ የራሴን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ። የቲያትሩ ማስታወቂያ ላይ የእሱ ስም ተጽፏል። ቲኬት ቆርጬ ነው የገባሁት፣ ጸደንያ! ከዚያ ወዲህ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

በመሳቄ አፈርኩ። የሰውን ፍርሃት ምንጩን ሳያውቁ መሳቅ የእኛ የተማርን ነን ባዮች አመል ነው።

«ያኔ ሌላ ቅጂ ነበርዎት?» አለች ጸደንያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንድ ብቻ ነበር። በእጄ የጻፍኩት።»

«የጎዳዎት እሱ ነው፣ ጋሼ። አሁን የተየብኩልዎት ጽሑፍ እዚህ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ በፍላሽም እሰጥዎታለሁ። በኢሜይል ሲላክ ደግሞ ቀኑና ሰዓቱ ከደቂቃው ጋር በእርስዎ ስም ይመዘገባል። ነገ አንድ ሰው የኔ ነው ቢል ያንን ያሳዩታል።»

«እሺ፣ ይሁን። ስሜ ለምን ይደበቃል? የሚያሳፍር ሥራ አልሠራሁ!»

ለዚህ መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ነበር፤ መናገሩ ግን አሳፈረኝ። «ጋሽ አስረስ፣ እኔ ፈተና ሳርም የማውቀውን ልጅ ስም ካየሁ እስክሪብቶዬ ይለዝባል» አልኩ። «አምና ለጎረቤቴ ልጅ የማይገባውን አምስት ማርክ ሰጠሁ። በዚያው ስሕተት የማላውቀውን ልጅ ጣልኩት። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ስሙን ስላየሁ ነው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ከዚህ እየጠበቁ ነው። የገነነ ደራሲም ቢልክ፣ እርስዎም ቢልኩ፣ ፊታቸው የሚቀርበው ጽሑፉ ብቻ ነው።»

አቶ ሁንዴሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስረስ፣ እኛ ብንሄድ እኮ የሚያዩት ነጠላችንን ነው። ታሪክህን አያዩልህም።»

ጋሽ አስረስ ሰዓታቸውን አዩ፤ አሥር ሊሆን ነው። «አውጪው» አሉ በመጨረሻ። «ስሜን አውጪው።»

ጸደንያ ስሙን አውጥታ ቃላቱን ስታስቆጥር ሌላ ጭንቀት መጣ። የተፈቀደው ሦስት ሺህ ነው፤ የእሳቸው በሦስት መቶ ሰማንያ በለጠ። ታሪኩ ስለ አንድ የእድር ድንኳን ተካይ ነው። ዕድሜ ልኩን ለሰው ለቅሶ ድንኳን ሲተክል ኖሮ እሱ የሞተ ቀን አተካከሉን የሚያውቅ ይጠፋል።

«ታሪኩ እዚህ ጋ አልቋል» አለች ጸደንያ ስክሪኑን እያሳየች። «ሰዎቹ ገመዱን ይዘው እርስ በርስ ሲተያዩ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ነው።»

«ምክሩ ነው እኮ ቁም ነገሩ!»

«ጋሼ፣ ስተይበው ገመዱ ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ምክሩ ጋ ስደርስ እንባዬ ደረቀ።»

እኔም ምክር የምወድ ሰው ነኝና ነገሩ ለእኔም የተነገረ ያህል ነካኝ። ጋሽ አስረስ ዓይናቸውን ጨፍነው «ቁረጪው» አሉ። ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ፊታቸው ተኮማተረ።

ልክ አሥር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ መብራት ጠፋ።

ጸደንያ የተስተካከለውን ጽሑፍ ያስቀመጠችበትን ፍላሽ ከጠቆረው ኮምፒውተር ነቅላ ከቦርሳዋ የራሷን ላፕቶፕ አወጣች፤ ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ ይላል። ኢንተርኔቱን ከስልኳ አገናኘች። ጽሑፉ ላይ ስም እንደሌለ ደግማ አየች፤ ስምና አድራሻ ያለበትን ገጽ ለብቻ አያያዘች። አቶ ሁንዴሳ መጸለይ ጀመሩ። ኢንተርኔቱ አንድ ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለተኛም ተቋረጠ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ ኢሜይሉ ሄደ። ወዲያው «ጽሑፍዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ጋሽ አስረስ ሦስት ጊዜ አስነበቧት።

ከሁለት ወር በኋላ ጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸውና ስልካቸውን ሰጡኝ። ከመጽሔቱ የመጣው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «በዚህ እትም ልናወጣው አልቻልንም። የገመዱ ትዕይንት ይዞናል። የድንኳን ተካዩ ሚስት ግን ከገጽ ሦስት በኋላ ጠፋችብን። እሷን መልሰው ቢልኩልን ደግመን እናነባለን።»

«አዝናለሁ፣ ጋሽ አስረስ» አልኩ።

«የምን ማዘን ነው? አንብበውታል እኮ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ስሜን አያውቁም፣ ሽማግሌ አልላክሁባቸውም። ሚስትየዋ መጥፋቷን ግን አወቁ። በአሥር ዓመት ውስጥ ገጽ ሦስት ደርሼልሃለሁ ያለኝ ሰው ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚህ ወዲያ ምን ላስረዳ? የተባለውን ደንብ የጠበቀ ጽሑፍ ደጅ ሳይጠና ይነበባል፤ ቅጂ ያስቀረ ሰው ተሰረቅሁ ብሎ አይባንንም፤ ትርፉን የቆረጠ የአንባቢውን እንባ አያደርቅም። እኔም ተማሪዎቼን በፈተና ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ አስጽፋቸዋለሁ። ዘንድሮ አንደኛ የወጣው ድምፁን እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ነው።

ታክሲው ሲመጣ ተራቸውን ለእኔ ለቀቁልኝ።

«አይሄዱም እንዴ?» አልኳቸው።

«ጸደንያ ጋ በእግሬ ልመለስ» አሉ። «ሚስትየዋን አግኝቻታለሁ።»