ሎሚ ለክያይ ዳሉ

ፓንጂ ከጀርመን ከተመለሰ ወዲህ ጎህ ሲቀድ እየተነሳ የትውልድ ሠፈሩን የኮታገዴን ጠባብ መንገዶች መዞር አመል ሆኖበታል። ምናልባት በዚያ ሰዓት ጉም ስላለ፣ በጉም ውስጥም ማንም ሰው ባይተዋር ስለማይመስል ይሆናል። በሰው አገር ብዙ ዓመት የተማረው ስለ ቀለም ነው፤ ቀለም ብረት ላይ እንዴት እንደሚይዝ፣ በምን እንደሚያረጅ፣ በምን እንደሚታደስ። እናቱ ግን ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ባሕር ተሻግሮ ቀለም ቀቢ ሆኖልኝ መጣ» እያለች ትስቃለች። እሱም አብሯት ይስቅና ብቻውን ሲሆን፣ ያን ያህል የራቅሁት ለምን ነበር እያለ ራሱን ይጠይቃል።

ቅርስ የሚታጠብበት፣ ሠርግ የማይደገስበት የሱሮ ወር ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እንደ ልማዱ ሲዞር በገበያው በር ላይ ፓክዴ ካርሶን አገኛቸው። በዕድሜ ከአባት ለሚበልጥ ሰው ሠፈሩ ሁሉ «ፓክዴ» ይላል። ፓክዴ ካርሶ ዕድሜያቸውን ብር ሲያነጥሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም መዶሻቸውን የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ማለዳ ቅርጫት ሙሉ ሎሚ ታቅፈው፣ ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያሉ ብቅ አሉ።

«እንደምን አደሩ ፓክዴ? ይሄ ሁሉ ሎሚ ለድግስ ነው?»

«ድግሱማ ሱሮ ሲወጣ ነው። በሱሮ ማን ልጁን ይድራል? ውጭ አገር ቀን መቁጠርም ያስረሳል እንዴ? ሎሚው ለክያይ ዳሉ ነው።»

ክያይ ዳሉ ሰው አይደሉም። ከፓክዴ ካርሶ አባት የተወረሱ ጥቁር አሮጌ መኪና ናቸው። ስማቸው «የተከበሩ ሌሊት» ማለት ነው። አባትየው መኪናውን ከአባታቸው ከወረሱት ጩቤ እኩል ያከብሩት ስለነበር፣ ጩቤው በሱሮ በሎሚና በአበባ ውኃ ሲታጠብ መኪናውም አብሮ ይታጠብ ነበር። ልጅየውም ልማዱን ሳያጓድሉ ይዘውታል።

«መኪናዋ ዛሬም ትሄዳለች?» አለ ፓንጂ።

«‹ትሄዳለች› አትበል፤ ይሄዳሉ በል። አዎ ይሄዳሉ።» ሽማግሌው ቅርጫቱን መሬት አስቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሚስቴ ሙሽራ ሆና የመጣችው በእሳቸው ነው። ልጄም የተዳረችው በእሳቸው ነው። አሁን የልጅ ልጄ ወኒንግ ነጭ መኪና ልከራይ ነው አለችኝ። ‹አያቴ እንዳይደክሙ ብዬ ነው› ትላለች። ዓይኔ ቢደክምም ሰው ሲያፍር አያለሁ። ክያይ ዳሉ ደብዝዘዋል፤ ከመቃብር የወጡ መስለዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ሎሚውን እጥፍ አድርጌ፣ ክንዴ እስኪዝል ላሻቸው ነው። ሲፈኩ ስታይ ልቧ ይመለስ ይሆናል።»

ፓንጂ ሎሚውን አየ። ሽማግሌው መድኃኒት ብለው የተሸከሙት በሽታውን መሆኑ ገባው። ግን በገበያ በር ላይ፣ ያውም በባዶ ሆድ፣ ለአዛውንት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

«ፓክዴ፣ ሎሚውን ዛሬ አይንኩት። ቁርሴን በልቼ ልምጣና ልያቸው።»

«ሐኪም ነህ?»

«ለእሳቸው ዓይነት በሽተኛ፣ አዎ።»

ጀንበር የማንጎውን ዛፍ ጫፍ ስትነካ ፓንጂ የቀለም ማወልወያ ማሽኑን በከረጢት፣ አንድ የብረት ቁራጭ ደግሞ በብብቱ ይዞ ደረሰ። የፓክዴ ሚስት ቡዴ ሙርቲ በግቢው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልብስ ያጥባሉ። ክያይ ዳሉ ከጣሪያው ሥር ቆመዋል። ጥቁር ናቸው ቢባልም ጥቁረታቸው ከሩቅ የሚታይ ትዝታ ነው የሚመስለው፤ ላያቸው በነጭ ጭጋግ ተሸፍኗል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይወጣበታል። ፓንጂ ጎንበስ ብሎ በሩ ላይ ፊቱን ፈለገ፤ አላገኘውም።

ከረጢቱን ሲፈታ ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ።

«እሱን ማሽን አውቀዋለሁ። መንገድ ዳር ያለ አንድ ጎረምሳ የድስት ክዳን በሚያህል ተሽከርካሪ ነገር አሳምራለሁ ብሎኝ ነበር። ና እይ።» ከፊት ጎማው በላይ ያለውን የፓራፋንጎ ጠርዝ አሳዩት። ቀለሙ ተልጦ ዝገት የመሰለ መስመር ወጥቶበታል። «ይሄ ጠባሳ የማሽን ነው። የሎሚ አይደለም።»

«እውነት ነው ፓክዴ። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፤ ልጁ ደግሞ ለሰፊው ገጽ የተሠራ ትልቅ ማሽን ጠርዝ ላይ አወጣው። ይሄ የእኔው ትንሽ ነው፤ መዳፍ ነው የሚያክለው። በጠባቡና በጥምዝምዙ ይገባል፤ እጄንም ይታዘዛል።»

«ትንሽ ውሻም ይነክሳል።»

«ይነክሳል። ለዚህ ነው ይሄን ያመጣሁት።» የብረት ቁራጩን ዘረጋላቸው። «ከቁራሌው አሮጌ ኮፈን ገዝቼ ሆን ብዬ ያቃጠልሁት ነው። ማሽኑ የት ሲደርስ እንደሚነክስ ማወቅ ነበረብኝ። ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ክፉኛ ነከሰ። እዚህ ጋ ለጥቂት ነው። እዚህ ጋ ደግሞ አልነከሰም።»

ፓክዴ ካርሶ ቁራጩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት፤ የተቃጠለውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ደስ ያላቸው ይመስላል፤ ሊያሳዩት ግን አልፈለጉም። ይህን ያየው ፓንጂ ልቡ ሞቀና ስህተት ሠራ፤ ማስተማር ጀመረ። ሎሚ ኮምጣጣ መሆኑን፣ ኮምጣጣ ቀለም እንደሚበላ፣ ደረቅ ጨርቅም ከአቧራ ጋር ሲታሽ እንደሚቧጥጥ፣ አንዱን ከአንዱ እያያያዘ አስረዳ። ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ሽማግሌው ግን ፊታቸው እንደ በር ተዘጋ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ ፓክዴ።»

«የአያቴ ጩቤ ከእኔም ከአባቴም ዕድሜ በላይ በሎሚ ታጥቧል፤ ዛሬም ሲመዘዝ ያበራል። ብረት ሎሚ ይወዳል። ክያይ ዳሉስ ብረት አይደሉም? ወይስ ጀርመን አገር እንጨት ይሏቸዋል?»

የተማረ ሰው ድካሙ ይህ ነው፤ እውነቱን ተሸክሞ ሩቅ መንገድ ይመጣል፣ ደጁ ሲደርስ ግን በየትኛው በር እንደሚገባ አያውቅም። ፓንጂ መሣሪያውን ሰብስቦ ሊሄድ አሰበ። የሚሄድበትን ግን አላወቀም፤ ስለዚህ ቆሞ ቀረ፤ ቆሞም ቡዴ ሙርቲን ተመለከተ።

ቡዴ ሙርቲ የሚያጥቡት ለሠርጉ የሚለበሰውን፣ ባቲክ የሚባለውን ባለቀለም ቡናማ ጨርቅ ነበር። ለራክ የሚባለው ፍሬ ሲታሽ እንደ እንዶድ አረፋ ይሰጣል። አረፋው በክንዳቸው ላይ ወጥቶ፣ አንዳንዱ ተነቅሎ በፀሐዩ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ፓንጂ አንዷን አረፋ እስክትጠፋ በዓይኑ ሸኛት። ከዚያ እንደ ሕልም ንግግር አንድ ጥያቄ ከአፉ ወጣ።

«ቡዴ፣ ባቲኩን ለምን በሎሚ አያጥቡትም?»

«ምነው ልጄ፣ አእምሮህን ጀርመን ረስተኸው መጣህ?» ሳቁ ቡዴ ሙርቲ። «ሎሚ የባቲክን ቀለም ይበላል። ሎሚ ለጩቤ ነው፣ ለራክ ለባቲክ። ይሄን የማያውቅ የኮታገዴ ልጅ አለ?»

ፓንጂ ወደ ሽማግሌው ዞረ። አሁን የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው።

«ፓክዴ፣ ጩቤው ራቁቱን ነው። ሲያሹት ብረቱን ነው የሚነኩት። ክያይ ዳሉን ሲያሹስ ብረታቸውን ነክተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው የመኪናውን በር በጣታቸው ዳሰሱ።

«ውስጣቸው ብረት ነው፤ ልክ ብለዋል። እኛ የምናየው ግን የለበሱትን ነው። እርስዎ በየሱሮው በሎሚ የሚያጥቡት ጩቤውን አይደለም፤ ባቲኩን ነው።»

የማንጎ ቅጠል አንዱ ከዛፉ ወርዶ ኮፈኑ ላይ አረፈ። ፓክዴ ካርሶ ሄደው አነሱትና እጃቸውን እዚያው ላይ ተዉት።

«ሙርቲ፣ ሰማሽ?»

«እኔማ ሰምቻለሁ። እርስዎስ?»

«አባቴም እኔም ልብሳቸውን ስናስበላ ኖረናል ማለት ነው።»

«ለማክበር ብለው ነው ፓክዴ» አለ ፓንጂ።

«ሳያውቁ ማክበርም ያቆስላል ለካ።» ከዚያ አገጫቸውን ወደ ማሽኑ ቀሰሩ። «ከኋላ፣ ሰው ከማያይበት። መሐረብ የምታህል ቦታ ብቻ። ከነከሰ ግን አንተን ነው በሎሚ የማሽህ።»

ፓንጂ ቦታውን አጥቦ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ከለለ። ስፖንጁ ላይ ጥቂት ቅባት ጠብ አደረገና ማሽኑን ቀሰቀሰ። ድምፁ ከቀፎ ውስጥ የሚሰማ የንብ ድምፅ ይመስላል። ስፖንጁን እየተጫነ ሳይሆን እያስተኛ፣ ከዳር ዳር በዝግታ አንሸራሸረው። ጥቂት እንደሄደ አንስቶ ሲያየው ስፖንጁ ጥቁር ሆኗል። ፓክዴ ካርሶ የእጁን አንጓ ያዙት።

«አቁም። ቀለማቸው እየወጣ ነው።»

ፓንጂ መልስ ሳይሰጥ ቡዴ ሙርቲ ከበርጩማቸው ላይ ቀደሙት። «የእርስዎስ ጨርቅ? ሱሮ በወጣ ቁጥር ከሰል የመሰለውን ጨርቅ የማጥበው እኔ አይደለሁም? ያኔ ቀለማቸው ወዴት የሚሄድ መስሎዎት ነበር?»

ሽማግሌው እጁን ሳይለቁ ወጣቱን አዩት። «እውነቷን ነው?»

«እውነታቸውን ነው። እኔም እወስዳለሁ፣ አልዋሽዎትም። ልብስ በታጠበ ቁጥር ይሳሳል። እርስዎ ግን በየዓመቱ እየወሰዱ ጭረት ይተዉባቸዋል፤ እኔ የሞተውን ገጽ አንዴ አነሳና ሰም አለብሳቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ለስላሳ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ ይበቃቸዋል፤ ማሽኑም ለብዙ ዘመን አይደርስባቸውም።»

«ብዙ ከወሰድክስ?»

«መመለሻ የለውም። በሩ ላይ ያለውን ያንን ረጅም ጭረት የማልነካውም ለዚህ ነው። እሱን አጠፋለሁ ብዬ ልብሱን እበሳዋለሁ። ይኑር።»

«እሱ ሙርቲን ሳመጣ ከአጥር ጋር የተላተምንበት ነው» አሉ ሽማግሌው ፈገግ እያሉ። «ይኑር።»

«ደግሞ ይርዱኝ። ስፖንጁ አንድ ቦታ ከቆየ ብረቱ ይግላል፤ ቀለም የሚሞተው ያኔ ነው። እኔ ስሠራ መዳፍዎን ካለፍኩበት ላይ ያሳርፉ። ሙቀቱ እጅዎን ካስነሣዎት ‹በቃ› ይበሉኝ።»

እንዲህ ሆነው ሠሩ። ወጣቱ ማሽኑን ያንሸራሽራል፣ የሽማግሌው መዳፍ እግር በእግር ይከተለዋል። ሲጨርስ ፓንጂ ቦታውን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገው። ከነጩ ጭጋግ መሃል አንዲት ጥቁር መስኮት ተከፈተች። በውስጧ የማንጎው ቅርንጫፍ ነበር፤ ከቅርንጫፉ በላይ ሰማይ፣ በሰማዩም ላይ የሚሄድ ደመና። ፓክዴ ካርሶ አፍንጫቸው ብረቱን እስኪነካ ተጠጉ።

«አባቴን መስያለሁ» አሉ። ቀና ብለው ደግሞ፣ «ሙርቲ፣ ሎሚውን ወደ ኩሽና ውሰጂው።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ማለዳዎች በዚያ ግቢ ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። የንቡ ድምፅ ይሰማል፤ መስኮቷ ትሰፋለች፤ አንድ ቀን የጣሪያው ክዳን ይገባባታል፣ አንድ ቀን ጎረቤት የሰቀለው የወፍ ጎጆ። ፓንጂ ጠርዝ ሁሉ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል፤ ፓክዴም «አሁን ቀስ»፣ «አሁን በቃ» ይሉታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወኒንግ ከሥራ ስትመለስ ሞተር ሳይክሏን እንዳቆመች ፈዛ ቀረች። አያቷ ሰም እንደሚቀባ ሰው አጎንብሰው ያላዩዋት መሰሉ። እሷ የራስ ቁሯን አወለቀች፤ ወደ በሩ ቀረበች፤ የተጨፈለቀ ጸጉሯን አየችና እዚያው በበሩ ውስጥ እያየች አስተካከለችው። ከዚያም ጣቷን በረጅሙ ጭረት ላይ አስኬደች።

«አያቴ፣ ነጩን መኪና ብተወው ያኮርፋሉ?»

«ማን? ነጩ መኪና?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ረጠበ። «በእርስዎ አላፈርኩም። ሰው በክያይ ዳሉ ሲስቅ እንዳላይ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፣ ያደበዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ፓንጂን አመስግኚ።»

ፓንጂ ሊናገር የነበረውን ትምህርት ዋጠው። አያስፈልግም ነበር። በማግስቱ ጎረቤታቸው ፓክ ሮጂን ሎሚ ይዞ አሮጌ ሞተር ሳይክሉን ሊያጥብ ሲሰናዳ፣ ፓክዴ ካርሶ ከአጥሩ ወዲህ ሆነው ያዙት።

«አንተ ሰው፣ የሚስትህን ባቲክ በሎሚ ታጥባለህ? ታዲያ የዚህስ ልብስ ምን በደለህ? ስማኝ። መጀመሪያ አቧራውን በውኃ አውርደው፤ አቧራ ላይ ጨርቅ አትጎትት። በለስላሳ ሳሙና እጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቅ። ከደበዘዘ ትንሿን ማሽን ከሚያውቅ ሰው እጅ ፈልግ፤ ጠርዙን ይሸፍን፣ አያግል፣ የማይጠፋውን ይተው። ከዚያ ሰም አልብሰው። አንዴ በደንብ ከሠራኸው ክንድህ ያርፋል፣ ዝገት አይደፍረውም፣ አዲስ ቀለም አያምርህም፣ ለልጅህም ከነመልኩ ታወርሰዋለህ። አበባውን በትንበት ግድ የለም፤ አበባ ማንንም አልበላም።»

«ይሄን ሁሉ መቼ ተማሩ ፓክዴ?»

«ቀስ ብዬ» አሉ ሽማግሌው።

ሱሮ ወጣ። በሠርጉ ማለዳ ክያይ ዳሉ የጃስሚን ጉንጉን ተሰቅሎባቸው ከግቢው ወጡ። ወኒንግ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ፓክዴ ካርሶ ከሾፌሩ ጎን ናቸው፤ ቀጥ ብለዋል። መንገዱ ጠባብ ነውና ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ አሳለፋቸው። መኪናው በዝግታ ሲያልፍ መንገዱ በሙሉ በጥቁሩ በር ውስጥ ያልፍ ጀመር፤ አሮጌው ግንብ፣ የተሰጣው ልብስ፣ የሚያጨበጭቡ ልጆች፣ አፏን በእጇ ሸፍና የምትስቅ የፓንጂ እናት፣ ከአጠገቧም የቆመ አንድ የሠፈሩ ወጣት። ፓንጂ ያ ወጣት የማን ልጅ ይሆን ብሎ አሰበ። ራሱ መሆኑን ያወቀው ክያይ ዳሉ ካለፉ በኋላ ነው።