ሱቁ ውስጥ የተባለው

ከሚኒያፖሊስ ወደ ሴንት ፖል በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ሴትና በቅርቡ ከካርቱም የመጣ ሰው ተቀምጠው በአማርኛ ያወራሉ።

«ወንድሜ ነቢዩን ሰደበ ተብሎ ሲያዝ አንተ ሱቁ ውስጥ ነበርክ አሉ።»

«ነበርኩ፣ እህቴ ዘይነብ።»

«እድሪስ እኮ ሰላት አሳልፎ አያውቅም። እሱ ነው ነቢዩን የሚሰድበው?»

«አልሰደበም። የከሰሰው ባለሱቅ ጎረቤቱ ሱቁን ልቀቅልኝ አለው፤ እሱ አልለቅም አለ። ሌላ ነገር አልተባለም።»

«ታዲያ ምን ብሏል ብለው ከሰሱት?»

«ቃሉን ማንም አይደግመውም። የደገመው ሰው ራሱ እንደ ተሳዳቢ ይቆጠራል። ዳኛውም አልጠየቀም ነው የሚሉት።»

«ምን እንዳለ ሳይነገር ሰው ይፈረድበታል?»

«ድምፅሽን ቀነስ አድርጊው።»

«ማንን ፈርተህ ነው? ሚኒሶታ ነው እኮ ያለነው።»

«ለምዶብኝ ነው።»

«በል ያየኸውን ጽፈህ ፈርምልኝ። ጠበቃው አንድ ምስክር ካገኘሁ አስፈታዋለሁ ብሏል።»

«ስሜ እዚያ ይነበባል?»

«ስም የሌለው ምስክር አለ እንዴ?»

«ሚስቴ ወደዚህ የመምጫ ፕሮሰሷ አላለቀም። እዚያው ሰፈር ነው ያለችው። ዳቦ የምትገዛው ከዚያው ከከሳሹ ሱቅ ነው።»

«መቼ ትመጣለች?»

«አልነገሩንም።»

«እድሪስ የሚፈረድበት ሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አንተን ሚስትህን አስበላት ልልህ አልችልም።»

«አትበይኝ።»

«ግን ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ሰውዬው ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ አማርኛ እንደማያውቅ ሰው ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።